ጋሽ መክፈቻ ያልከፈተው ሣጥን

እኔ ጽሑፍ ጽፌ አላውቅም። ከማመልከቻ ሌላ እጄ አልለመደም፤ ካጠፋሁ ከወዲሁ ይቅርታ። ይህን የምጽፍለትን ሰውዬ ያወቅኩት በሸሚዝ ምክንያት ነው። ያለኝ ደህና ሸሚዝ አንድ ነው። እሱን በየሳምንቱ የምትተኩስልኝ፣ ላውንደሪ ቤት የምትሠራ ሴት አለች። ካውያው እስኪግል አግዳሚው ላይ ቁጭ ብዬ ስጠብቅ የባሏን ጉድ እያነሳች ታስቀኛለች። አንድ ቀን "ሂድና ከራሱ አፍ ስማው፣ እኔ አሳንሼ ነው የማወራው" አለችኝ። ሄድኩ። እውነትም ሰውየው ራሱን ሲያማ ከሚስቱ ይብሳል። "እሱ" እያልኩ የምጽፈው ንቄው አይደለም፤ አንቱ ስለው "አንቱ የሚባል ሰው ገንዘብ ማስቀመጥ ይችላል" ብሎ ስለከለከለኝ ነው።

ሥራው ቁልፍ መቅረጽ ነው። ከባንክ ግድግዳ ጋር የተለጠፈች፣ ደንበኛ ሲገባ እሱ መውጣት ያለበት ጠባብ የቆርቆሮ ሱቅ አለችው። ቁልፍ የጠፋበት፣ ቁልፍ የተሰበረበት፣ በር የተዘጋበት ሁሉ የሚጠራው እሱን ነው፤ ስሙም በዚያው ጋሽ መክፈቻ ሆኖ ቀረ። እሱ ያልከፈተው በር የለም ይባላል። ይህን ያስወራው ራሱ መሆኑንም አይደብቅም።

የቤታቸው ችግር ታዲያ ይኸው እጁ ነው። የሱ ገቢና የሚስቱ ደሞዝ ተደማምሮ ወሩን እየተንፏቀቀ ይጨርሳል። ሁለት ሴት ልጆች አሏቸው። ሚስቱ ክፉ ቀን ሲመጣ የሚያዝ ነገር ይኑረን ትላለች። እሱም ከልቡ ተስማማ። ያልተስማማው እጁ ነው።

መጀመሪያ በቆርቆሮ ሣጥን አስቀመጡ። ጓጉንቸር ገዝታ ቆለፈችና ቁልፉን ደበቀች። እሱ ቁልፉን ለመፈለግ እንኳ አልደከመም፤ የፀጉሯ መያዣ በቃው። ቀጥሎ ባንክ አስገቡ። ባንኩ ደግሞ የገንዘብ ማውጫ ማሽኑን የተከለው ከሱቁ በር ሁለት እርምጃ ላይ ነው። "ቀኑን ሙሉ ያየኛል" ይላል። "አንድ ጎረቤት ቀኑን ሙሉ ሲያይህ ውሎ ሰላም አትለውም?" ሰላም ሲለው ሲለው ገንዘቡ አለቀ። ባወጣ ቁጥር በቁራጭ ወረቀት "አስቸኳይ ነበር" ብሎ ጽፎ ለሚስቱ ያስቀምጥላታል። አንዱ አስቸኳይ የቆዳ ጃኬት ነው፤ ነገ ይወደዳል ተብሎ። አንዱ ሬዲዮ ነው። ቤት ውስጥ የሚሠራ ሬዲዮ አለ፤ የአዲሱ ድምፅ ግን ወፈር ይላል።

ሚስቱ ወረቀቶቹን ሰብስባ ጠረጴዛ ላይ ደረደረችና "አንተዬ፣ ካንተ እጅ የሚያመልጥ ሣጥን እስኪገኝ ድረስ እዚህ ቤት ገንዘብ አይቀመጥም" አለች።

ሣጥኑን ራሱ ሊሠራ ሞከረ። የገዛ ሥራውን ግን ያውቀዋል፤ በጨረሰ በአምስት ደቂቃው ከፈተው። ይዘን ወይስ ይኩራ፣ እስከ ዛሬ አልለየለትም።

የቀረው አንድ ሰው ነበር፣ ብየዳ። ብየዳ ከመንገዱ ማዶ የብረት በርና ሣጥን የሚሠራ ሰው ነው። ከስምንት ዓመት በፊት ደንበኞቹን ሰብስቦ "ይህን በር ሌባ ቀርቶ የሌባ አያት አይከፍተውም" እያለ ሲፎክር፣ ጋሽ መክፈቻ የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ ተሻግሮ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ከፈተበት። ሰው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የለም።

"ሣጥን ፈልጌ ነበር" አለው በሩ ላይ ቆሞ፣ ጫማውን እያየ።

ብየዳ መነጽሩን እንኳ አላነሳም። "ላንተ የሚሆን የለኝም። አንተ ሁሉንም ትከፍት የለ?"

"የማልከፍተውን ሥራልኝ።"

"ምን ይሠራልሃል?"

"ቤታችን ሌባ አለ።"

"ታውቀዋለህ?"

"አውቀዋለሁ። እኔ ነኝ።"

ያኔ መነጽሩን አነሳና ትንሽ አየው። "በአሥር ቀን ና። አንተ አትምጣ፣ ሚስትህን ላክ" አለው።

ሣጥኑ ከወፍራም ብረት ነው። አናቱ ላይ ገንዘብ ማስገቢያ ስንጥቅ አለው፤ ገልብጠው ቢነቀንቁት ግን አይተፋም። ቁልፉ አንድ ብቻ ነው። ብየዳ ለሚስትየው በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጣት፣ "ያ ሰውዬ አንዴ ካየው ይቀርጸዋል" ብሎ። ባልና ሚስት ተመካከሩ፤ ሣጥኑ የሚከፈተው ለሕመም፣ ለቤት ኪራይና ለሥራ መሣሪያ ብቻ ነው። ጃኬት ዝርዝሩ ውስጥ የለም።

ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር ሲቀረው ሣጥኑ መክበድ ጀመረ። ሚስት ፊቷ ተፈታ። ጋሽ መክፈቻ ግን እየከሳ ሄደ። ብረቱ አልጋው ሥር ተጋድሞ፣ እሱ ላዩ ላይ ይተኛል፤ ያልተከፈተ ነገር ላይ ተኝቶ አያውቅም። "ገንዘቡን ፈልጌ አልነበረም" ይላል። "ብከፍተው መልሼ ልዘጋው ነበር። ይህን ስነግርህ ግን እኔም ራሴን አላመንኩትም።"

አንድ እሑድ ሚስትና ልጆች ዘመድ ጥየቃ ሲወጡ "ራሴን አሞኛል" ብሎ ቀረ። ቀጭን ሽቦዎቹን አውጥቶ ወለሉ ላይ በሆዱ ተኛ። አልተከፈተም። በሁለተኛውም እሑድ ራሱን አመመው። በሦስተኛው እሑድ ሽቦው ቀጭ አለና ጫፉ ውስጥ ቀረ። ላውጣ ሲል ጭራሽ ገፋው። ሣጥኑን አልጋው ሥር መልሶ፣ እጁን ታጥቦ፣ እንደ ጨዋ ሰው ተቀመጠ። ለማንም አልተናገረም። ማን ሊከፍተው ነው፣ ሁላችንም ጤነኛ ነን ብሎ።

ሁለት ሳምንት አልሞላም፣ ትልቋ ልጅ ከትምህርት ቤት ደረጃ ወደቀች። የቀኝ እጇ፣ የምትጽፍበት፣ አንጓው ላይ ተሰበረ። ክሊኒክ ስትደርስ የአጥንት ሐኪሙ እስከ አሥር ሰዓት ብቻ ነው ያሉት ተባለ፤ ከዚያ የሚመለሱት የዛሬ ሳምንት ነው። ያን ያህል ከቆየ አጥንቱ ጠማማ ሆኖ ይገጥማል። ቅድሚያ ክፍያ ሳይገባ ደግሞ አይጀመርም። መምህሯ አጠገቧ ቀሩ፣ ባልና ሚስት ወደ ቤት በረሩ። የወሩ ማለቂያ ነው፣ ጎረቤት ሁሉ እንደነሱው ባዶ ነው። ደግነቱ ሣጥኑ አለ።

ሚስት ቁልፉን ከተተች። ግማሽ ድረስ ገባና እምቢ አለ። አውጥታ አየችው፣ ጠረገችው፣ መልሳ ከተተች። እምቢ።

"ያ ብየዳ!" ብላ ጮኸች። "የድሮ ቂሙን ይዞ ነው የተበላሸ የሰጠን! ቆይ፣ ደጁ ድረስ ሄጄ ባላዋርደው!"

ጋሽ መክፈቻ እዚህ ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። "እውነቱን ልንገርህ፣ ደስ አለኝ። ለሁለት ደቂቃ ያህል ንጹሕ ሰው ሆንኩ።"

ግን ሰዓቱ ዘጠኝ አልፏል። እሷ ሄዳ ከሰደበችው ብየዳ ሣጥኑን በእጁ አይነካም፤ ነገር ሲመዘዝ አሥር ሰዓት ይሆናል። የልጅቷ እጅ ዓይኑ ላይ መጣ።

"ቆይ እስቲ" አላት።

"ምን ቆይ ትለኛለህ፣ ልጄ እዚያ እያለቀሰች!"

"እሱ አይደለም ያበላሸው። እኔ ነኝ። ውስጡ የኔ ሽቦ አለ።"

ቁልፉን ከቀዳዳው ነቀለች። ከዚያ "ተከፍቶልህ ነበር?" አለችው።

"አልተከፈተም።"

"እንኳን አልተከፈተ። በል ተሸከም።"

ተሸከመ። በጠራራ ፀሐይ፣ በዋናው መንገድ፣ በደንበኞቹ ሁሉ ፊት። ዳቦ ሻጯ "ጋሽ መክፈቻ፣ ደግሞ የማንን ልትከፍት ነው?" አለችው። "የራሴን! አልከፈት አለኝ!" አላት። ቀልድ መስሏት ሳቀች። በሕይወቱ እውነት ተናግሮ እንደዚያ ቀን የሚያምነው አጥቶ አያውቅም።

ብየዳ ቤት ሁለት ደንበኞች ቆመዋል። ብየዳ ባትሪ አብርቶ ቀዳዳውን አየ።

"ሽቦ አለበት። የየትኛው ጅል ነው?"

"የኔ።"

"አልሰማሁም።"

"የኔ ነው! ሦስት እሑድ ታግዬ አቃተኝ!"

ብየዳ ይህን ቃል ስምንት ዓመት ጠብቆታል። አፉን ሊከፍት ሲል ሚስትየው ቀደመችው። "ወንድሜ፣ ልጃችን እጇ ተሰብሮ አሥር ሰዓት ሳይሞላ ገንዘብ እንፈልጋለን። መሳደብ ከፈለግህ ነገ ራሱን አመጣልሃለሁ፣ ቤቱም እዚያው ነው።"

ብየዳ ስድቡን ለነገ ተወው። ብረት መቁረጫ ግራይንደሩን አነሳና መልሶ አስቀመጠው። "ብረቱን እንቁረጥ ብንል እስኪመሽ ነው፤ እኔ ነኝ የሠራሁት፣ አውቀዋለሁ።" ወረንጦ አመጣ። የሱ ጣት ግን የአካፋ እጀታ የሚያክል ነው፤ አንዴ ሞከረ፣ ሁለቴ ሞከረ፣ ሳተ። ወረንጦውን ለጋሽ መክፈቻ አቀበለው።

"አንተ ነህ ያስገባኸው፣ አንተ አውጣው። ውስጡ እንዴት እንደሆነ እኔ እነግርሃለሁ።" ቆም አለና ሚስትየውን አያት። "ከነገርኩት ግን ከዛሬ ጀምሮ ሣጥኑን ይከፍተዋል። ልንገረው?"

"ንገረው" አለች።

ነገረው። የመቆለፊያው ሁለተኛ ምላስ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ታች ነው የሚሄደው፤ ሦስት እሑድ ሙሉ ወደ ላይ ሲገፋው ነበር። ጋሽ መክፈቻ ወረንጦውን ወደ ታች አዞረ። ሽቦው በአራተኛው ሙከራ ወጣ። ቁልፉ ዞረ።

ክሊኒክ የደረሱት አሥር ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው ነው። ሐኪሙ ጋዋናቸውን አውልቀው ነበር፤ መልሰው ለበሱ። አሁን ልጅቷ ትጽፋለች። ጽሑፏን አይቼዋለሁ፣ ከኔ ያምራል።

ሣጥኑ ዛሬም አልጋው ሥር አለ፤ ከታች ጀምሮ እንደ አዲስ እየሞላ ነው። ብየዳ ሌላ መቆለፊያ ልሥራላችሁ ብሎ ነበር፣ ለዚያ የሚከፈል ግን የለም። እና አሁን በሣጥኑና በጋሽ መክፈቻ መካከል ጋሽ መክፈቻ ራሱ ብቻ ነው የቆመው። "ሰው በኔ ላይ ዘበኛ ቢያቆም እኔን ያቆማል?" ይላል። እስካሁን አልነካውም። ሚስቱም በቁልፌ ከፍቼ ቆጥሬዋለሁ፣ አልጎደለም እያለች ትመሰክርለታለች። እሱ እንደሚለው ሥራ ያለበት ቀን ደህና ነው፤ ሥራ የሌለበት ቀን ግን ጣቶቹ ወደ ታች፣ ወደ ታች ይላሉ።

ስለዚህ አንድ ልለምናችሁ። በዚያ በኩል ካለፋችሁ፣ ከባንኩ ግድግዳ ጋር ያለችው ሱቅ ነች፣ ጎራ በሉ። ቁልፍ የሚቀረጽ ካላችሁ ውሰዱለት። ከሌላችሁም ዝም ብላችሁ ቁሙና አጫውቱት፤ በተለይ ከሰዓት በኋላ፣ ገበያው ሲቀዘቅዝ።