የመጋረጃው ዘርፍ

አውቶቡስ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ የመስኮቱን መጋረጃ ዘርፍ ይጎነጉናል። ጎንጉኖ ይፈታል፤ ፈትቶ ይጎነጉናል። ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ብዬ በልቤ ሳቅሁበት። ሥራ ያጣ ግን አይደለም። ጣቶቹ ጠባሳ በጠባሳ ናቸው፤ የቱታው እጅጌ በብየዳ ፍንጣሪ ተበሳስቷል። ክሩ ባመለጠው ቁጥር ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ጠጋ ብዬ ስሰማ «ጌታዬ፣ ትዕግሥት ስጠኝ» ይላል።

እንደማየው ሲያውቅ እጁን ሰበሰበ።

«የልጄን ጸጉር እናቷ ነበረች የምትሠራላት» አለኝ፣ ሳልጠይቀው። «ነፍሷን ይማረው።»

«አይዞህ ወንድሜ፣ እጅ ይለምዳል።»

«ዛሬ ጠዋት ስጎትተው አለቀሰች። ሥራም ረፍዶብኝ ስለነበር ጮህኩባት።» ጣቶቹን አየ። «ከቤት ሳንወጣ ሁሌ አብረን እንጸልያለን። ዛሬ ተራው የእሷ ነበር። ምን አለች መሰለህ? ‹እግዚአብሔር ሆይ፣ የአባዬን እጅ እንደ እማዬ እጅ አድርግልኝ።›»

«አንተስ?»

«አሜን ማለት አቃተኝ።»

ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰና ዘርፉን እንደገና ያዘ። ክሩን እንዳያመው የሚፈራ ይመስል፣ በጣም ቀስ ብሎ መጎንጎን ጀመረ።