ሰባት ጎድን

እናቴ ሳሩሊ መጀመሪያ ደም የተፋችው ስንዴ ስታጭድ ነው። በሻሿ ጫፍ ጠርጋ ማጭዷን አነሳችና ቀጠለች። የአባቴ እናት አማ ግን አይታለች። በማግስቱ የእናቴ ሳህንና ኩባያ ከእኛ ተለየ። በሳምንቱ አባቴ፣ ዲዋን፣ ሸክመኞች ይዞ ከጥዱ ጫካ በላይ ወዳለው የሳምባ ሕሙማን ሆስፒታል ወሰዳት። እንግሊዞች አገራችንን ለቀው ሊወጡ ዓመት ቀርቷቸው ነበር፤ እኔ ገና አራት ዓመቴ ነው።

እዚያ መድኃኒቱ ንጹሕ አየር፣ ወተትና መተኛት ነበር። በረዶ ሲጥል እንኳ የሕሙማኑ አልጋ በረንዳ ላይ ነው። በየሳምንቱ በእናቴ ጎድን መሀል በመርፌ አየር እየነፉ የታመመውን ሳምባ ያሳርፉታል። ሁለት ዓመት እንዲህ ሆነ። ከዚያ ሳምባው ከደረቷ ጋር ተጣበቀና አየሩ አልገባ አለ፤ ትኩሳቱም ተመለሰ።

እኛ በዓመት ሁለቴ እንሄዳለን። ልጅ ከድንጋዩ አጥር አያልፍም። እናቴ ከበረንዳው ሆና፣ “ጎቪንዲ! እስቲ ዞር በይ፣ ቁመትሽን ልየው!” ትለኛለች።

በሦስተኛው ዓመት አማ አባቴን መቆሚያ መቀመጫ አሳጣችው። “እስከ መቼ ሬሳ ትጠብቃለህ? የምታገባትን ልጅ አይተናታል። ከዝናቡ በፊት ትግባ!” እሱ የምትታለበውን ጎሻችንን ሊያጠጣ ይወጣል። ወሬው ግን ተራራውን ወጥቶ እናቴ ጆሮ ደረሰ። ያን ዕለት ዶክተር ሳንያልን አስጠራች።

“ቀዶ ጥገና አለ ብለውኝ ነበር።”

“አለ። ሰባት ጎድን እናወጣለን፤ ደረትሽ ሳምባው ላይ ይተኛና ቁስሉ ይዘጋል። ሁለት ጊዜ ነው የምትገቢው። አናስተኛሽም፣ ሳምባሽ አይችልም፤ በማደንዘዣ መርፌ ብቻ፣ እያወቅሽ ነው። ከአስር ሰው ሦስቱ አይነሱም።”

“ሰባቱስ?”

“ይነሳሉ። ከዚያ በላይ ቃል አልገባም።”

ባል መፈረም ነበረበት። አባቴ ብዕሩን ይዞ ቆመ። “ብትሞቺብኝስ?” አላት።

“ሚስት ተገኝታልህ የለ!”

“አላገባትም።”

“መጀመሪያ ፈርም።”

ፈረመ።

በቀዶ ጥገናው ጊዜ እጇን ይዛ የቆመችው ነርሷ ሲስተር ፕሪሲላ ናት፤ የነገረችንም እሷው። መተንፈሷ እንዲታወቅ ሳታቋርጥ እንድታወራ አዘዟት። እናቴ የመጣላት ነገር ከአማ ጋር ጠብ ነበር። “አማ፣ ዛሬስ ይሰሙኛል! ያን ቅቤ የበላችው ድመቷ አይደለችም፣ እርስዎ ነዎት! ጎሿንም በእኔ ተራ አልበው አይብ የሠሩት እርስዎ ነዎት!” ዶክተሩ ሳይቀር ሳቀ። የመጀመሪያው ጎድን ሲቆረጥ ግን ድምጿ ጠፋ።

“ሳሩሊ!” አለች ሲስተር። ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለች። “ሳሩሊ፣ ቅቤውን ማን በላው?”

እናቴ በሹክሹክታ፣ “ድመቷ... አይደለችም” አለች።

ያን ቀን ሦስት ጎድን ወጣ።

የቀሩት አራቱ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነበሩ። አሁን አጥንት ሲቆረጥ ድምፁንም ሕመሙንም አውቃዋለች። አጠገቧ የምትተኛው ሴት ከትናንት በስቲያ ለቀዶ ጥገና ገብታ አልተመለሰችም፤ ፍራሿ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል። በቀጠሮው ጠዋት እናቴ የአልጋውን ብረት ጨብጣ “አልገባም” አለች። ዶክተሩ፣ “አላስገድድሽም። በግማሽ ከቀረ ግን አይዘጋም” ብሏት ወጣ።

እኔና አባቴ ከማለዳ ጀምረን አጥሩ ጋ ነን። ቀትር ሲቃረብ፣ እናቴ ሲስተርን ተደግፋ በረንዳው ላይ ታየች። እጅም አላወዛወዘች፣ ዞር በይም አላለችኝም። ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ የሲስተርን ክንድ ለቀቀችና በገዛ እግሯ ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል በር ሄደች።

አባቴ ራሱን ይዞ ቁጢጥ አለ። ፀሐይዋ ጥዱን እስክታልፍ ቀና አላለም። ሲስተር ስትመጣ፣ “ተሳደበች?” ብሎ ጠየቃት።

“ቃል አልተነፈሰችም። እጄን ግን ልትሰብረው ነበር። በሕይወት አለች።”

አክታዋ ስድስት ጊዜ ተመርምሮ ንጹሕ እስኪሆን ሌላ አስራ አራት ወር ፈጀ። አንድ ትከሻዋ ወድቆ ወደ ቤት መጣች። አባቴ ሌላ አላገባም። አማ ያንኑ የተለየ ሳህን አቀረበችላት፤ እናቴም ዓመት ሙሉ በእሱ በላች።

በመጣች በሦስተኛው ቀን ፀጉሬን ልታበጥር ከኋላዬ ተቀመጠች። ያን ሁሉ ዓመት “ትንፋሿ ይገድላል” ሲሉኝ ነው ያደግሁት፤ እስትንፋሴን ዋጥኩ። ጣቶቿ አንገቴ ላይ ቆሙ።

“ጎቪንዲ፣ ተንፍሺ” አለችኝ።

ፈርቼ ነበር። ተነፈስኩ።