የጎጃም በረንዳው ሱፍያንና መሐላ

ሱፍያን ጆንያ ነጋዴ ነው። ሱቁ ጎጃም በረንዳ፣ ከእኔ የቅባት እህል መጋዘን ፊት ለፊት ነው። አዲሱን ጆንያ በጥቅል ይሸጣል፤ አሮጌውን አራግፎ፣ ቀዳዳውን በወስፌና በሲባጎ ሰፍቶ በነጠላ ይሸጣል። ከእህል ጫኙ እስከ ከሰል ቸርቻሪው ድረስ የማያውቀው የለም። ቁመቱ አጠር ያለ፣ ጺሙ በሂና የቀላ፣ ሲስቅ ዓይኑ የሚጠፋ ሰው ነው። እኔ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ልጅ ነኝ፣ እሱ ሙስሊም ነው። እሱ ወደ አንዋር መስጊድ፣ እኔ ወደ ቅዱስ ራጉኤል ስንሄድ ሁለቱ ጎረቤት ናቸውና መንገዳችን እስከ ደጃፋቸው ድረስ አንድ ስለሆነ ለብዙ ዘመን አብረን ተጉዘናል። ስለዚህ የምጽፈው ያየሁትንና እሱ ራሱ ያጫወተኝን ነው።

ሱፍያን በወጣትነቱ የታወቀው በጆንያው ጥንካሬ ሳይሆን በመሐላው ብዛት ነበር። በኛ ተራ ሲገበያይ የማይምል ነጋዴ ጥቂት ነው፤ ክርስቲያኑም በሚካኤል በገብርኤል እየማለ ይውላል። በሱፍያን ላይ የሚደርስ ግን አልነበረም።

"ወላሂ ይሄ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተጫነበት" ይላል።

"ቀዳዳውስ?" ይለዋል ገዢው።

"ወላሂ መተንፈሻው ነው።"

ገዢው ይስቃል፤ ስቆም ይገዛል። በመሐላው የተታለለ ሰው ነበረ ለማለት አልደፍርም፤ የሚያምነው አልነበረምና። ክፋቱም እዚያው ላይ ነበር። የፈጣሪ ስም እንደ ምራቂ ከዕቃው ጋር ይሰጥ ነበር፤ ለሰጪውም ለተቀባዩም ምንም አይሰማቸውም። እኔ የፈጣሪን ስም በከንቱ አለመጥራትን ከፊደል ጋር የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ቢሆንም ያንን ሁሉ ዘመን ደጃፌ ላይ ተቀምጬ ስሰማ አብሬ ከመሳቅ በቀር ያደረግሁት ነገር የለም።

ሱፍያንን የለወጠው የእናቱ የእትዬ ሐጀራ ሞት ነው። እትዬ ሐጀራ በመጨረሻው ሕመማቸው አንደበታቸው ታስሮ ነበር። ውሃ ሲፈልጉ በዓይናቸው ያመለክታሉ፤ ያሳደጓትን የልጅ ልጃቸውን ሱሀይርን በስሟ መጥራት አቅቷቸው እንባቸው ይፈስ ነበር። አንድ ዓርብ ከቀትር በኋላ ሱፍያን ራስጌያቸው ተቀምጦ፣ እንደ ሃይማኖቱ ሥርዓት፣ የምስክርነቱን ቃል በጆሯቸው ቀስ እያለ ያሰማቸው ጀመር። በዚያን ጊዜ የታሰረው አንደበት ተፈታ፤ የአላህን ስም አጥርተው ጠሩና ዐረፉ።

ለቅሶ ልደርሰው በሄድኩ ጊዜ ወደ ጎን ወሰድ አድርጎ እንዲህ አለኝ፦ "ጋሼ አለሙ፣ እናቴ ወደ አኺራ ይዛው የሄደችው ያን ስም ብቻ ነው። የኔንም የልጄንም ስም እዚህ ጥላ እሱን ይዛ ሄደች። እኔ በዚያ ስም ጆንያ ስሸጥበት ኖርኩ።"

አኺራ የሚሉት የወዲያኛውን ዓለም ነው። በእምነታቸው ሰው የሚናገራት እያንዳንዷ ቃል በመላእክት ትጻፋለች፤ በትንሣኤ ቀንም አፍ ተዘግቶ እጅና እግር ይመሰክራሉ። ሱፍያን ይህን ከልጅነቱ ጀምሮ ሲማረው ኖሯል፤ ትምህርቱ ግን እስከዚያች ዓርብ ድረስ ምላሱ ጋ አልደረሰም ነበር።

ሱቁን መልሶ በከፈተ ዕለት አንድ የቆየ ደንበኛው መጣ።

"ሱፌ፣ ወላሂ በልና ልውሰደው።"

"እሱ አልቋል።"

"መቼ ይገባል?"

"ከእንግዲህ አይገባም።"

"ታዲያ በምን ልመንህ?"

"አትመነኝ። ጆንያውን ዘርግተህ እየው።"

ሰውየው ዘርግቶ አየው፤ ቀዳዳ አገኘበትና ትቶት ሄደ። ሱፍያንም ሳቀ። እንዲህ እንዲህ እያለ ገበያው ቀዘቀዘ። በስልክ ክፍያ እየተቀበለች ሒሳቡን የምትይዘው ሱሀይር ነበረችና እሷ አልሳቀችም። አባቷ ገዢ ሳይጠይቀው ቀዳዳውን ራሱ ማሳየት በጀመረ ጊዜማ አልቻለችም።

"አባዬ፣ ዓይን አለው አይደል ሰውየው? ፈልጎ ያግኘው እንጂ።"

"እሱ ባያየው፣ እኔ ሳየው ከላይ ታይቻለሁ" አላት።

ማታ ሱቁን ከመዝጋቱ በፊት ጥቅል ላይ ተቀምጦ አንገቱን ደፍቶ ዝም የማለት ልማድ አመጣ። የሐዘን መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ምን እንደሚያስብ ብጠይቀው፣ "የዛሬውን ንግግሬን እየለቀምኩ ነው። ነገ ተነብቦልኝ ከማፍር ዛሬ ራሴ ላንብበው ብዬ ነው" አለኝ። በማግስቱ ማለዳ አውቶቡስ ተራ ድረስ በእግሩ ሲገሰግስ አየሁት። በዋዜማው የተቆጣውን አንድ ሸካሚ ይቅርታ ሊለምን እየሄደ ኖሯል። ሸካሚው ነገሩን ጨርሶ ረስቶት ስለነበር፣ "ሱፌ ታመመ እንዴ?" እያለ ለሰው ሁሉ ሲያወራው ሰነበተ።

እንግዲህ የዚህ ሰው እምነት የተፈተነበትን ነገር ልንገራችሁ።

በሱፍያን ሱቅና በጎረቤቱ በይድነቃቸው ሱቅ መካከል ጠባብ ክፍተት ነበረች። ከሱፍያን አባት ጊዜ ጀምሮ ጥቅል ጆንያ የሚከመረው በዚያች ክፍተት ነው፤ በላይዋ ቆርቆሮ ስላለባት በክረምት ዕቃውን ከዝናብ የምታድንለት እሷ ብቻ ነበረች። ይድነቃቸው ሱቁን ከቀድሞው ባለቤት የገዛው በቅርብ ነው። ጄሪካንና የፕላስቲክ ዕቃ ይነግዳል፤ ክፉ ሰውም አይደለም። ሻጩ "ክፍተቷም ያንተ ናት" ብሎት ስለነበር በዚያ በኩል የጎን በር ለማውጣት ፈለገ። ወረቀቱ ስለ ክፍተቷ የሚለው ነገር የለም፤ የሚያውቁት ሽማግሌዎችም ሞተዋል። እኔ ራሴ የሱፍያን አባት ዕቃ ሲከምሩባት አይቻለሁ፤ በባለቤትነት ይሁን በጎረቤት ፈቃድ ግን አላውቅም ነበርና ለማንም መመስከር አልቻልኩም።

ነገሩ ለሽምግልና ቀረበ። ሁለቱ የተራችን አንጋፋ ነጋዴዎች፣ ሐጂ ሁዛይፋና ጋሽ ማስረሻ፣ እኔም ሦስተኛ ሆኜ በመጋዘኔ ውስጥ ተቀመጥን። ሁለቱንም ሰማን። ምስክር ሲታጣ ነገሩን በመሐላ መጨረስ የቆየ ደንባችን ስለሆነ ሱፍያንን፣ "አባትህ ይህችን ቦታ በራሳቸው ገንዘብ መግዛታቸውን ታውቃለህ?" ብዬ ጠየቅሁት።

"አውቃለሁ። ክፍያው ሲፈጸም አጠገባቸው ነበርኩ።"

"እንግዲያው ማልና ያንተ ትሁን።"

ሱፍያን አልማለም። መሐላው በዘገየ ቁጥር በሩ ላይ ተሰብስበው የሚያዳምጡት ሰዎች እርስ በርሳቸው ይተያዩ ጀመር። እኔም ደነገጥሁ። ካልማለ ክፍተቷን ብቻ ሳይሆን ስሙንም እንደሚያጣ፣ "ሐሰት ይዞ ኖሯል" እንደሚባል ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ይድነቃቸው ታገሠ ታገሠና፣ "በየጆንያው ስትምል የኖርክ ሰው ዛሬ አንዲት ቃል እንዴት ከበደችህ?" አለው።

"ያኔ ስለቀለለችኝ ነው ዛሬ የከበደችኝ" አለ ሱፍያን።

ሐጂ ሁዛይፋ በለዘበ ድምፅ ጣልቃ ገቡ። "ልጄ፣ በሐቅ መማል እኮ የተፈቀደ ነው። ዳኛ ፊት ቀርበህ፣ እውነት ይዘህ ብትምል አላህ ዘንድ ወንጀል የለብህም።"

"አውቃለሁ ሐጂ። የተፈቀደ ነው፤ የሚምለውንም አልነቅፍም። እኔ ግን ነገ አላህ ፊት ስቆም 'ስሜን በምን ለወጥከው?' ብባል፣ ይሄን ለጆንያ፣ ይሄን ለገመድ እያልኩ የምቆጥረው በቅቶኛል። በዚያ ላይ ቆርቆሮና ግድግዳ አልጨምርበትም።"

ሱሀይር በሩ አጠገብ ቆማ ነበር። በሽማግሌ ፊት መናገር ፈርታ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "አባዬ፣ ክረምቱ ደርሷል። ዕቃውን የት እናደርገዋለን?" አለችው።

"ተሸክመን እንፈልግለታለን፣ ልጄ።"

"ሰው ዋሽቷል ይልሃል እኮ።"

"ይበለኝ። አለመዋሸቴን የሚያውቀው ያውቀዋል።"

እንደ ደንቡ አንዱ መሐላ ሲተው ለሌላው ይዞራል። ወደ ይድነቃቸው ዞርኩና፣ "አንተ ትምላለህ?" አልኩት። ይድነቃቸው ተነሣ። ፊቱ ግን እንደ መጀመሪያው አልነበረም። ሊምል የሚችለው በሰው ቃል ነው፤ ሻጩ ከነገረው በቀር በዓይኑ ያየው የለውም። ያም ሆኖ ሕዝብ ፊት ቆሟልና ወደ ኋላ የሚልበት መንገድ አልነበረውም። እጁን ሊያነሣ ሲል ሱፍያን ቀደመው።

"ጋሼ አለሙ፣ እባክዎን እሱንም አያስምሉት። እኔ ትቼዋለሁ፤ ከልቤ ነው የተውኩት። በእኔ ምክንያት ያላየውን ነገር በአምላኩ ስም ተናግሮ እንዲሄድ አልፈልግም። ቦታው ይሁንለት።"

ሐጂ ሁዛይፋ መቁጠሪያቸውን በእጃቸው እንደያዙ ማንቀሳቀስ አቆሙ። በእምነታቸው እውነት ይዞ ሳለ ክርክርን ለተወ ሰው በጀነት ቤት ቃል ተገብቶለታል ብለው በኋላ ነገሩኝ። እኔ ግን በዚያች ሰዓት ሱፍያን ስለ ራሱ ቤት ያሰበ አልመሰለኝም። ያሰበው ስለ ተከራካሪው ነፍስ ነው። በሽምግልና ወንበር ላይ ብዙ ዘመን ተቀምጫለሁ፤ የማለ አይቻለሁ፣ በሐሰት ምሎ የተጸጸተም አይቻለሁ። ባላጋራው እንዳይምል የለመነ ሰው ያየሁት ያን ዕለት ነው። ያም ሰው የኔ ጎረቤት፣ በልጅነቱ ደጃፌ ላይ ብይ ሲጫወት የማውቀው ልጅ በመሆኑ ኩራቴን ልደብቀው አልፈልግም።

ክፍተቷ ያለ መሐላ ለይድነቃቸው ተሰጠች። በሩንም አወጣ። ሱፍያንና ሱሀይር ጥቅሎቹን አንድ በአንድ ምን አለሽ ተራ ጥግ ወዳለች ጠባብ ክፍል አጓጓዙ፤ በዚያ ክረምት እየተመላለሱ ሲያመጡና ሲመልሱ ዝናብ ሲደበድባቸው አየሁ። ወሬውም እንደ ፈራነው ሆነ። "እውነት ቢይዝ ኖሮ ምን ያስፈራው ነበር?" የሚሉ በዙ። አንዳንዱ ሱቁ ድረስ መጥቶ ሊያናግረው ይሞክራል፤ ሱፍያን ጆንያውን ዘርግቶ ቀዳዳውን ያሳየዋል እንጂ ስለዚያ ነገር አፉን አይከፍትም። እኔ ለጠየቀኝ ሁሉ ያየሁትን እንዳየሁት ነገርኩ። ያመነኝም ያላመነኝም አለ።

መስቀል ሰሞን፣ ገበያው በተጨናነቀበት ዕለት፣ ቶላ የሚባል ጋሪ ገፊ በይድነቃቸው ሱቅ ደጃፍ ሲያልፍ በጋሪው የተነካ መደርደሪያ ተናደ። ጄሪካኑ ተንከባለለ፣ የፕላስቲክ ወንበሩ ተሰበረ። ይድነቃቸው ወጥቶ የቶላን ክንድ ያዘ። ቶላ፣ "መደርደሪያው ነው መንገድ ላይ የወጣው" ይላል፤ ይድነቃቸው፣ "ዓይንህን ጨፍነህ ነው የገፋኸው" ይላል። ሰው ተሰበሰበ። ቶላ ገጠር ካሉት ወላጆቹ ርቆ የሚኖር ምስኪን ነው፤ ክፈል ቢባል ያከራዩት ሰዎች ጋሪውን ይነጥቁት ነበር።

እኔም ተነሥቼ ጠጋ አልኩና፣ "ያየ ሰው አለ?" ብዬ ጠየቅሁ።

በመጨረሻ ይድነቃቸው ራሱ ወደ ጆንያ ሱቁ ዞሮ፣ "ሱፍያን እዚያ ተቀምጦ ነበር። እሱ ይናገር" አለ።

ከሰዉ መካከል አንዱ፣ "ያ ሰውዬ? እንግዲያው ይማልበታ" አለ።

"መሐላ አያስፈልገውም" አለ ይድነቃቸው። ድምፁ ቆጣ ያለ ነበር። "ያየውን ይንገረን፤ ይበቃኛል።"

ሱፍያን ወስፌውን አስቀምጦ ወጣ። ቶላን አየው፣ ይድነቃቸውንም አየው። "የመደርደሪያው እግር ከመንገዱ ላይ ነበር። ልጁ ዞር ሊል ሞክሯል፣ አልበቃውም። ጥፋት የለበትም" አለ፤ ሌላ ቃልም አልጨመረ።

ይድነቃቸው የቶላን ክንድ ለቀቀ። "ሱፍያን ካለ እንደዚያው ነው" አለ። ከዚያም ጎንበስ ብሎ መደርደሪያውን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ውስጥ ሳበው።