ጥይቷ የነካችው ፓራፋንጎ

ጣሊያን በነበረ ጊዜ አባቴ የጣሊያኖቹን ካሚዮን በደሴና በደብረ ሲና መካከል ይነዳ ነበር። ሸዋ ሮቢት ሲደርስ መኪናውን ግቢያችን ግራር ሥር ያቆማል። እኔ ያኔ የአሥራ አንድ ዓመት ሴት ልጅ ነኝ።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከደብረ ሲና ወርዶ ገባ። ሞተሩን ካጠፋ በኋላም መሪውን እንደያዘ ቆየ። ወርዶ የግራውን ፓራፋንጎ፣ የጎማውን ክዳን፣ በፎጣ ሲሸፍነው እናቴ፣

«ብርድ መታው እንዴ?» አለችው።

አልሳቀም። ፎጣውን ገለጥ አድርጎ አሳየን። የመንገዱ ጠጠር እየፈነጠረ ቀለሙን ድሮም ነቃቅሎታል። በነዚያ ነጠብጣቦች መሐል ግን ጣት የምታህል ቀጥ ያለች ጭረት ነበረች። ማክሰኞ ካራቆሬ አጠገብ፣ ከአክስቴ መንደር በላይ ካለው ገደል አርበኞች አንድ ጥይት ተኩሰው ነበር። ደብረ ሲና ሲደርስ ጭረቷ እንዳትታይበት ጭቃ ለጠፈባት፤ በዚያ አገር ጉም ከጭቃው ሥር ዛገች።

«ብናገር መንደሩን ያቃጥሉታል» አለ። «ሳልናገር ካገኟት ደግሞ እኔን ይወስዱኛል።»

የሾፌሮቹ አለቃ፣ ካፖ የምንለው ጣሊያን፣ ሰኞ ጠዋት መኪናውን ሊያይ ይመጣል።

የአባቴ ጣቶች ለእንዲህ ያለ ደቃቅ ሥራ ወፍራም ስለነበሩ ሥራው ለእኔ ደረሰ። ሎሚ ሰንጥቄ በነፋሁት አመድ ላይ እየነከርኩ ዝገቱን አሸሁት። ብረቱ ነጭ ሲሆን አጥቤ አደረቅሁት፤ ዙሪያውን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩ፤ ጎድጓዳውን በስቱኮ ሞላሁ። አባቴ ከመቀመጫው ሥር ግማሽ ቆርቆሮ አረንጓዴ ቀለም አወጣ። በዶሮ ላባ ቀባሁት። ሰዓቱ ግን ስድስት ነበር፤ በዚያ ሐሩር ቀለሙ ወዲያው እንደ ስልባቦት ተጨማደደ። ፍቄ አነሳሁት። ከዚያ በኋላ በየደቂቃው እየተነሳሁ መንገዱን አያለሁ።

እሑድ ጎህ ሲቀድ፣ ብረቱ ሳይሞቅ፣ እንደገና ቀባሁት። ግመሎች በበራችን ሲያልፉ እናቴ አቧራውን ለመከለል ነጠላዋን ዘርግታ ቆመች።

«ለጣሊያን መኪና ድንኳን ልሁን?» ትላለች፤ ዓይኗ ግን ከመንገዱ አይነቀልም።

ከሰዓት በኋላ ደረቀ። ጭረቷ የለችም። ደስ ብሎኝ አባቴን ጠራሁት። ራቅ ብሎ አየና ፊቱ ጠቆረ።

«ወላሂ፣ ከቅድሙ ባሰ» አለ።

እውነቱን ነው። በዚያ በተቦጫጨቀ ብረት ላይ አንዲት ጣት የምታህል ቦታ ብቻዋን እንደ መስታወት ታበራለች። በዚያ መንገድ ጠጠር የመታውን ቀለም የሚጠግን ሾፌር አልነበረም። እኔ ተጠንቅቄ በደንብ በመሥራቴ ቦታውን በጣት የማመልከት ያህል አድርጌው ነበር።

አባቴ ፊትም እንኳ መናገር የማፍር ልጅ ነበርኩ።

«አባ፣ ሌሎቹንም እንቀባቸው» አልኩ። «ብዙ አናሳምራቸውም።»

እስኪመሽ ድረስ ነጠብጣቦቹን ሁሉ እየፋቅን ቀባን። ጥይቷ የነካችውንም በብርጭቆ ወረቀት ደገምኳትና አደበዘዝኳት። ጎኔ አላረፈም፤ ሲነጋ በመጀመሪያ የሮጥኩት በጣቴ ልነካው ነው።

ካፖው መጣ። ፓራፋንጎውን ዞረው፤ አውራ ጣቱን በጭረቷ ላይ ሲያሳልፍ አየሁት። እናቴ ከበሩ ጀርባ የምትደግመው ዱዓ ተቋረጠ።

«ምንድነው ይሄ? ፈንጣጣ?» አለ በሰባራ አማርኛው። «ማን ሠራ?»

«ልጄ ናት፤ ዝገት እንዳይበላው ብላ ነው» አለ አባቴ።

ካፖው ወደ እኔ አየ። መሬት መሬቱን አየሁ። ሳቀና «ብራቮ!» ብሎ ሄደ።

ከዓመታት በኋላ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገብቼ ኬሚስትሪ ስማር፣ መምህሩ አሲድ ዝገትን እንዴት እንደሚያሟሟ ሲያስረዱ፣ ሌሎቹ ይጽፋሉ፤ እኔ መዳፌን አሸታለሁ።

ያኔ ግን ካፖው መኪናችንን ባየ በማግስቱ ሌላ ካሚዮን ላከ፤ «ፈንጣጣዋ ልጅ ትሥራው» ብሏል አሉ። ሾፌሩ እምብዛም የማናውቀው ሽማግሌ ነው። መኪናው በጭቃ ተለውሷል። እሱ በቀኙ በር አጠገብ ቆሞ አልንቀሳቀስ አለ።

«ጋሼ፣ ፈቀቅ ይበሉልኝ» አልኩት።

ቀስ ብሎ ፈቀቅ አለ። ጭቃውን በውኃ ሳርሰው ከሥሩ ጣት የምታህል ቀጥ ያለች ጭረት ብቅ አለች። ቀና ብዬ አላየሁትም። ሎሚ አነሳሁና ከዙሪያዋ ካሉት የጠጠር ነጠብጣቦች ጀመርኩ።