የዶክተሩ ቋጠሮ

"ዶክተር" የሚሉት ሕክምና ተምሮ አይደለም። ሃያ ሁለት ዓመት የስልክና የኢንተርኔት መስመር ሲጠግን፣ ሰው ቤት በገባ ቁጥር ዕቃውን ሳያወርድ፣ "መቼ ጀመረው? ዝናብ ሲሆን ይብስበታል?" ብሎ ስለሚጠይቅ ነው። ቅጽል ስሙን ይወደው ነበር።

ልብስ ሰፊዋ ቤት ግን ይህን ጠይቆ አያውቅም። መስመሩን ከሦስት ዓመት በፊት፣ እሷ ቤቱን ሳትከራየው፣ የዘረጋው ራሱ ነበርና፣ በሥራው ላይ ጥርጣሬ አልገባውም። ልጇ ከቤት ሆና በቪዲዮ ሒሳብ ታስተምራለች፤ ትምህርቱ እየተቋረጠባት ሦስት ጊዜ ጠርተውታል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ ሦስት ጊዜም የቤቱን ዕቃ ከሶ ሄደ። መጀመሪያ ማቀዝቀዣውን፣ ቀጥሎ የስልኮቹን ብዛት፣ በመጨረሻም ደንበኞች ልብስ የሚለኩበትን የሰው ቁመት የሚያህል መስታወት።

"ዋይፋዩን እየመለሰ የሚያስቸግረው እሱ ነው እትዬ" አላት።

እሷም አምናው መስታወቱን ዕቃ ቤት ከተተችው። ከዚያ ወዲህ ደንበኛ ሁሉ በእጅ መስታወት ግማሽ ግማሹን ነው የሚያየው፤ ትከሻውን ካየ ወገቡ ይቀራል፣ ወገቡን ካየ ትከሻው።

ለአራተኛ ጊዜ ሲጠራ ልጅቱ በር ላይ ጠበቀችው።

"ጋሼ፣ ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ኃላፊዬ ክፍሌን ሊያይ ነው። አንዴ ከተቋረጠ ተማሪዎቼን ለሌላ ሊሰጥብኝ ነው። በዝናብ ነው የሚቋረጠው ብዬ ብነግረው፣ 'ዝናቡ አንቺ ቤት ብቻ ነው እንዴ የሚዘንበው?' አለኝ።"

ዝናብ የምትለው ቃል ደረቱ ላይ አረፈችበት። መሰላሉን አውጥቶ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ወጣ። ልብስ ሰፊዋ መሰላሉን ያዘችለት።

ገመዱ የተቀጠለበት ቦታ በጥቁር ናስትሮ ተጠቅልሏል። የናስትሮው ጫፍ እንደ ትንሽ ጆሮ ታጥፏል፤ በኋላ የሚፈታው ሰው ጥፍሩ እንዲይዝለት። እንዲህ የሚያጥፍ እሱ ብቻ ነው። መስመሩን የዘረጋ ቀን ቸኩሎ ነበር፤ የውኃ መከላከያ ሳጥኑን ነገ መጥቼ አደርገዋለሁ ብሎ ነገ ሳይመጣ ቀረ። ሲፈታው ውኃ ጠብ አለ፤ መዳቡ አረንጓዴ ሆኗል።

"ምን አገኘህ ዶክተር?"

"ትንሽ... ዝገት ነው።"

"ማን ነው እንዲህ አድርጎ ያሰረው? እጁ ይቆረጥ ልል ነበር፤ ልጆች ይኖሩታል ብዬ ተውኩት።"

የዛገውን ቆርጦ ገመዱን እንደገና ቀጠለው፣ ሳጥኑን ገጠመ፣ በላዩ ላይ አንድ ጆግ ውኃ አፈሰሰበት። ልጅቱ ከውስጥ ኮምፒውተሯን እያየች፣ "ንቅንቅ አላለም! ፍጥነቱም በእጥፍ ጨመረ!" ስትል ተሰማ።

"እሰይ! ተባረክ!" አለች እናትየው። "መስታወት ነው ስትል እኮ ለጎረቤቴ ነግሬያት የሷንም አውርዳለች።"

ምድር ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው።

ልጅቱ መጣች። "ጋሼ፣ ጥፋቱ የመስመሩ እንደሆነ ይጻፉልኝና ለኃላፊዬ ልላክለት።"

የሥራ ወረቀቱን አወጣ። "የብልሽቱ ምክንያት" ከሚለው ፊት "ዝናብ" ብሎ ቢጽፍ ማንም አይጠይቀውም፤ ዝናብ አይከራከርም። እስክሪብቶውን ከወረቀቱ አነሳ።

"እትዬ" አለ አንገቱን እንደደፋ፣ "ያ ቋጠሮ የኔ ነው።"

ሴትዮዋ ወደ ስፌቷ ተመልሳ በከንፈሯ ይዛው የነበረውን መርፌ አወጣች።

"መስታወቴስ?"

"መስታወቱ ምንም አላደረገም።"

"ስድስት ወር ሙሉ!"

"አውቃለሁ።"

"አታውቅም። ብታውቅ ትጠይቅ ነበር።"

ወረቀቱ ላይ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ "ከሦስት ዓመት በፊት እኔ የቀጠልኩት፣ መከላከያ ያላደረግሁለት ገመድ። መምህሯ ጥፋት የለባትም።" ከሥሩ ሙሉ ስሙን ጽፎ ፈረመ። ልጅቱ ፎቶ አንስታ ላከችው። "አይቼዋለሁ፣ እንጀምር" የሚል መልስ ከኃላፊዋ መጣ።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ዝናቡ ጀመረ። እሱ መስታወቱን ከዕቃ ቤት ተሸክሞ አምጥቶ፣ አቧራውን ወልውሎ ቦታው ላይ አቆመው። ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ የልጅቱን ድምፅ ሲያዳምጥ ሰዓቱ አለቀ፤ አንድ ቃል እንኳ አልተቆረጠም።

"በል እንግዲህ፣ ሂድ" አለች ልብስ ሰፊዋ፤ ቁጣዋ በርዷል፣ ፊቷ ግን ገና አልተፈታም።

መሰላሉን ትከሻው ላይ አድርጎ ወጣና የጎረቤቷን በር አንኳኳ።

"ማነው?"

ዶክተር ነኝ ሊል አፉን ከፍቶ ተወው።

"የመስመር ሠራተኛው ነኝ እትዬ። መስታወትዎን ወደ ቦታው ልመልስ ነው።"