ሳልነሣ አትቀመጡ

መጀመሪያ የከዳኝ ቀኝ እግሬ ነው። አራዳ ውስጥ ባለችው የልብስ ስፌት ሱቄ ማኪናዬ ላይ ተቀምጬ የሙሽራ ቀሚስ ጠርዝ እየሰፋሁ ነበር። እግሬ ከመርገጫው ተንሸራተተ። መልሼ አስቀመጥኩት። እንደገና ተንሸራተተ። «ምን ሆንክ አንተ ደግሞ?» አልኩት እየሳቅሁ። ከዚያ መቀሱ ከእጄ ወደቀ። ላነሣው አልቻልኩም። ለደንበኛዬ «ያዢኝ» ልላት አፌን ከፈትኩ። ቃሉ አልወጣም።

ሆስፒታል ወስደው ሲቲ ስካን አነሡኝ። «ስትሮክ ነው። ወደ ግራው የአንጎልሽ ክፍል ደም የሚወስደው ሥር ተዘግቷል» አለኝ ዶክተሩ። የደም ግፊት እንዳለብኝ ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። ቀኝ እጄ የለም። ቀኝ እግሬ የለም። አፌ ተጣሟል። ልጄ ማስተዋል እንደ ሕፃን ታጥበኛለች። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ አለቀስኩ።

በዚህ ጊዜ ሰው ሞትን ይፈራል ይባላል። እኔ የፈራሁት ሌላ ነው። ታላቅ ወንድሜ አያ ሙላት መታመሜን ሰምቶ ከሚኖርበት ከመካነ ብርሃን መጣ። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጦ እጄን ያዘና፣ «እኅት ዓለም፣ አታስቢ። ሱቁን አስረክበን፣ ቤቱን ቆልፈን እኔ ዘንድ ትሄጃለሽ። ምንም አታጪም፤ እኔው ራሴ አጎርስሻለሁ» አለኝ። ከልቡ ነው። አያ ሙላት ደግ ሰው ነው። እኔ ግን ባሌ ከሞተ ጀምሮ በዚች እግሬ ማኪና እየረገጥኩ ልጅ ያሳደግሁ ሴት ነኝ። እየጎረስኩ ልኑር? ምላሴ ገና ስላልተፈታ እንቢ ለማለት ራሴን ብቻ ነቀነቅሁ። ማስተዋል ገባትና «አያ፣ እስከ ፋሲካ ጊዜ ይስጧት» አለችው። እሱም «እሺ፣ እስከ ፋሲካ። ያኔ ካልቆመች ግን እወስዳታለሁ» ብሎ ሄደ።

ከሆስፒታል ስወጣ ፍቅርተ የምትባል ቆፍጣና ፊዚዮቴራፒስት ቤት የምሠራውን እንቅስቃሴ አሳየችኝ። የእግር ጣቶችን ወደ ላይ መሳብ አለ፣ ክንድን በደኅናው እጅ ማንሣት አለ። ከሁሉ በላይ ያጠበቀችው ግን አንዱን ነው፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ በእጅ ሳይደገፉ መነሣት፣ ከዚያ ቀስ ብሎ መቀመጥ። «ይችን ካልሠራሽ አትራመጂም» አለችኝ። «አንጎልሽ መንገዱን እንደ አዲስ የሚማረው በድግግሞሽ ነው። እየሰለቸሽም ቢሆን ደጋግሚ።»

ደጋገምኩ። ጥቂት ቀን። ከዚያ ሰለቸኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ባዶ ግድግዳ እያዩ መነሣትና መቀመጥ እብድ የሚያደርግ ሥራ ነው። ለማን ነው የምነሣው? ማስተዋል «እማዬ፣ እስቲ ተነሺ» ስትለኝ «ዛሬ አሞኛል» እላለሁ። በማግሥቱም ያመኛል። የመጣው ሁሉ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይለኛል። እንቁላሉማ ሄደ፤ የቀረሁት እኔ ነኝ።

የጠያቂው ነገር ደግሞ ሌላ ነው። በኛ አገር በሽተኛ ተኝቶ ነው የሚጠየቅ። ጎረቤቱ፣ የዕድሩ ሰው፣ የማኅበሩ ሰው ከጠዋት እስከ ማታ ቤቴን ሞልቶት ይውላል። ትንሽ ቀና ልበል ስል «ኧረ በእመቤቴ፣ እንዳትነቃነቂ!» ብለው ትከሻዬን ይዘው ያስተኙኛል። ትራስ ይደራርቡልኛል። ውኃ እንኳ በራሴ እጅ አላስያዙኝም። ፍቅር ነው፣ አውቃለሁ። በፍቅር ሊገድሉኝ ነበር።

አንድ ቀን የነፍስ አባቴ መጡ። ማስተዋል አንሶላ ልትቀይር ወንበር ላይ አስቀምጣኝ ነበር። የአባ ጥምጥም በበሩ ብቅ ሲል ቤቱ ሙሉ «ኖር!» ብሎ ተነሣ። ትልቅ ሰው ሲገባ ተነሥቶ «ኖር» ማለት፣ የገባውም «በእግዜር» ብሎ ሰዉን ማስቀመጥ ከልጅነታችን አብሮን ያደገ ነው። እኔም «ኖር» አልኩ። ያ ሁሉ ቃል እየተሰባበረ በሚወጣበት አፌ ይችኛዋ ደኅና ሆና ወጣች። ተነሣሁ። በሽተኛ መሆኔ ትዝ ያለኝ መሀል ላይ ነው። ጎረቤቴ ደብሬ ጮኸች። አባ «በእግዜር! በእግዜር ልጄ!» እያሉ በሁለት እጃቸው ወደ ታች ያመለክቱኛል። እኔ ግን ቆሜያለሁ። ምንም አልያዝኩም። ቆሜያለሁ!

ይኸን ለፍቅርተ ስነግራት ሳቀች። «ለእኔ ሲሆን የሚለግም እግር ለቄሱ ይታዘዛል? በይ እንግዲያው ለገባው ሁሉ ተነሺ። ወንበሩ ግድግዳ ይደገፍ፤ ማስተዋል በደካማው ጎንሽ ትቁም። ጠያቂዎችሽ ራሳቸው ያሠሩሽ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤቴ ሕግ ወጣለት። ቀን ቀን አልጋው ላይ መዋል ቀረ፤ በሩን ትይዩ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ሰው ሲገባ ማስተዋል ቀድማ ታውጃለች፤ እማዬ ሳትነሣ አትቀመጡ፣ ቀጥ ብላ ሳትቆምም «በእግዜር» እንዳትሉ። ሰዉ ደነገጠ። «ወይ ጉድ! ምነው፣ በሽተኛ ተነሥቶልኝ? ምነው ኃጢአት አስገባሽኝ?» የሚለው ብዙ ነው። አንዷማ በሽታው ወደ ጭንቅላቷ ወጥቷል ብላ አስወርታብኛለች። ታስወራ! ቀስ እያለ ግን ለመዱት። አብሮ አደጌ ደብሬማ ጨዋታ አደረገችው። ትገባለች፣ እነሣላታለሁ፣ ሳትቀመጥ ትወጣና «ቤቶች!» ብላ እንደገና ትመጣለች። «አንቺ ቀዥቃዣ፣ አሁን አልነበርሽም?» እላታለሁ እየተነሣሁ። እሷ ትስቃለች፣ ማስተዋል ትስቃለች፣ እኔም በተጣመመ አፌ እስቃለሁ። ብቻዬን ስሆን እንደ ድንጋይ የሚከብደኝ እግር በሰው ፊት ይቀለኝ ጀመር።

ጉድ የመጣው ስድን ነው። የዳነ ሰው አይጠየቅማ! በምርኩዝ ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ ማለት ስጀምር «እሰይ፣ ተነሣችልን» ብለው ሁሉም ወደየሥራቸው ሄዱ። ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ በሩን ባይ የሚገባ የለም። ሰው ከሌለ ደግሞ እኔም የለሁም። እንቅስቃሴውን ተውኩት፤ እግሬም ወዲያው ይግተረተር ጀመር። ፋሲካ ደግሞ እየቀረበ ነው። አያ ሙላት በስልክ «እንዴት ናት?» ሲል ማስተዋል ድምፅዋ ሲቀንስ እሰማለሁ። ተናደድኩ። ንዴት ለእኔ ጥሩ ነው። «ካልመጡ እኔ እሄድባቸዋለሁ» ብዬ ነጠላዬን አስመጣሁ።

እንዲህ ሆኖ የጠየቀኝን ሰው ሁሉ በየቤቱ መልሼ መጠየቅ ጀመርኩ፤ መጀመሪያ አጥር ለአጥር ወደምንገናኘው ወደ ደብሬ ቤት፣ ቀጥሎ ከመንገዱ ማዶ፣ ከዚያም ምርኩዜን እየተከልኩ፣ ማስተዋል ከጎኔ ሆና፣ የአራዳን ቁልቁለት በኮብልስቶኑ ላይ ቀስ እያልኩ እስከምወርድበት ድረስ። ፍቅርተ ተረከዝሽን አስቀድሚ ስላለችኝ እየተራመድኩ «ተረከዝ፣ ተረከዝ» እያልኩ ከራሴ ጋር ሳወራ ሰው ዞር ብሎ ያየኛል፤ ይይ። የገባሁበት ቤት ሁሉ «ኖር!» ብሎ ሲነሣልኝ አሁን «በእግዜር» የምለው እኔ ሆንኩ፣ እዚያ ተቀምጬም ሌላ እንግዳ ሲመጣ ከሁሉ ቀድሜ ለመነሣት እሽቀዳደም ነበር። የሕማማት ሰሞን እስከ መሬት ባልሰግድም ጎንበስ ቀና እያልኩ ዋልኩ፤ ማታ ወገቤ ቢቆረጥም ደስ ብሎኝ ተኛሁ። ማታ ማታ ለእጄ የልብስ ቁልፎችን ከአንዱ ሳህን ወደ ሌላው በቀኝ ጣቶቼ ማዛወር ነበር ሥራዬ፤ በመጨረሻም አንድ ጠዋት ሱቄን አስከፍቼ፣ ያለ ክር፣ ያለ ጨርቅ፣ ባዶውን ማኪና ረገጥኩት። ዞረ። ድምፁን ስሰማ እልል አልኩ፤ የጎረቤት ባለሱቆች ምን ተገኘ ብለው እየሮጡ መጡ።

አያ ሙላት ከፋሲካ በኋላ፣ በዳግማይ ትንሣኤ ማግሥት መጣ። ቤቴ ሲደርስ ተቆልፏል። ደንግጦ ደብሬን «ምነው፣ ምን ሆነች?» ቢላት «ምን ትሆናለች? ሱቋ ናታ!» አለችው። ሱቄ ሲገባ መጋረጃ እየሰፋሁ ነበር። እግሬን ከመርገጫው አውርጄ፣ ምንም ሳልይዝ ተነሣሁና «ኖር አያ!» አልኩት። «በእግዜር» ማለት ጠፋው። በሩ ላይ እንደቆመ ዕንባው በጢሙ ወረደ። «ሸጋ ነሽ፤ ኧረ ሸጋ ነሽ» ብቻ ነው ያለው። ማታ እራት ላይ፣ አፍሮ፣ እኔ እንድተኛበት አንድ ክፍል በአዲስ ጭቃ አስለስኖ እንደጠበቀኝ ነገረኝ። አቅፌ ሳምኩት። «ለክረምት እንግዳ ሆኜ እመጣበታለሁ» አልኩት።

በማግሥቱ በእግሬ እስከ መናኸሪያ ሸኘሁት። ለእኔ ብሎ ቀስ ይላል። «ፈጠን በል እንጂ አያ፣ መኪናው ጥሎህ ይሄዳል!» አልኩት።

ሁሉ ነገር ተመልሷል አልልም። መርፌ ላይ ክር የሚያስገባልኝ አሁንም ሌላ ሰው ነው፤ ሲደክመኝ ቀኝ እግሬ ይጎተታል፤ የደም ግፊት ክኒኔን አንድ ቀን አልዘልም፣ እናንተም አትዝለሉ። ከሁሉ አስቀድሞ ፈጣሪዬን አመሰግናለሁ። ፍቅርተን፣ ማስተዋልን፣ ደብሬን፣ ሊያጎርሰኝ የመጣውን አያንም አመሰግናለሁ። እንደ እኔ ለታመማችሁ የምለው ይኸ ነው። ሐኪም የሰጣችሁን እንቅስቃሴ ብቻችሁን ግድግዳ ላይ እያፈጠጣችሁ አትሥሩት፤ ልባችሁ ከሚወደው ነገር ጋር እሰሩት፣ ያ ሲያልቅም ሌላ ፈልጉለት፤ ማለቁ አይቀርምና። የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው። አስታማሚዎች ሆይ፣ ስትወዱን ትንሽ ራቅ ብላችሁ ውደዱን፤ ስንወድቅ ለመያዝ የምትበቁ፣ ስንነሣ ግን የማትከለክሉን ሁኑ።

ያኔ አልጋ ላይ ሆኜ የፈራሁት ሰው እያነሣና እያስቀመጠኝ መኖርን ነበር። ያን ኑሮ አልኖርኩትም። ተመስገን፣ የቤቴም የሱቄም ቁልፍ ያለው እኔ ወገብ ላይ ነው።