ሮቦቱ ስፒል ይለቅማል ወይ

ሮቦቱ በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልሎ ቀሐ ወንዝ ዳር ካለው ሰፈር የደረሰው በታኅሣሥ መጀመሪያ ነው፤ የጥምቀት የስፌት ሥራ የየኔታ ህሩይን ቤት ከአፍ እስከ ገደፉ በሞላበት ሰሞን። ያመጣችው ልጃቸው ናዝራዊት ናት። ናዝራዊት በዩኒቨርሲቲው ማራኪ ግቢ ቤተ ሙከራ ውስጥ ትሠራለች። አንድ መምህር ወደ ሌላ አገር ሲሄድ ዕቃውን ለባልደረቦቹ ሲያከፋፍል ለእሷ የደረሳት ይህ ሆነ። አምስት ስድስት ዓመት ያገለገለ፣ በጊዜውም ቢሆን ከውድም ከርካሽም ያልነበረ፣ መሃል ላይ የሚቀመጥ ዓይነት ነው። ክብ ነው፣ ጥቁር ነው፣ ከሰፌድ ትንሽ ያንሳል። በጎኑ የሚሽከረከር ብሩሽ አለው፤ በሆዱ አቧራ ይስባል፤ ከኋላው ትንሽ የውኃ ቋት ተሸክሞ በእርጥብ ጨርቅ ይወለውላል።

ናዝራዊት እናቷን ሁለት ሳምንት እንድትሞክረው ለመነቻት። እንዴት እንደሚያጸዳ፣ ድምፁ ይረብሽ እንደሆነ፣ ባትሪው ምን ያህል እንደሚቆይ አይታ ትንገራት፤ ከጠቀማት ይቀራል፣ ካልጠቀማት የሚፈልገው ሌላ ባልደረባ አለ። እናቷ ወለተሩፋኤል «እሺ» አለች። ወለተሩፋኤል ለሁሉም ነገር «እሺ» ማለት ከጀመረች ዓመት አልፏታል፤ ሰውም ተስማማች እያለ ደስ ይለዋል እንጂ ምን ነካት ብሎ የጠየቀ የለም።

ስለ ወለል ከሆነ ወሬው፣ እሷን የሚያህል ዳኛ በከተማው አይገኝም። ሃያ ስድስት ዓመት የሆቴል ፎቅ ስትወለውል ኖራ ነው ጡረታ የወጣችው። ቤቷ ስትገባ ደግሞ ጫማዋን አውልቃ አንድ ጊዜ ወዲያና ወዲህ ከተራመደች ይበቃት ነበር፤ አሸዋ ቀርቶ እንደሆነ፣ ሳሙናው በደንብ ሳይታጠብ ደርቆ እንደሆነ፣ የትኛው ጥግ እንደተዘለለ በእግሯ መዳፍ ታውቅ ነበር። ስኳር በሽታው መጀመሪያ የወሰደባት ይህን ነው። ሲጀምር ወፍራም ካልሲ አድርጋ የምትሄድ ይመስላት ነበር። ቀጥሎ ሙቁም ቀዝቃዛውም አንድ ሆነባት። አምና ከወንዙ ዳር የወጋት እሾህ ሦስት ቀን እግሯ ውስጥ ሰንብቶ፣ እሷ ሳታውቀው አመርቅዞ፣ የግራ እግሯን ትንሿን ጣት አስቆረጣት።

ያን ቀን አላለቀሰችም። ጎረቤት ሁሉ ጠንካራ ናት ብሎ አደነቃት፤ ጥንካሬ ግን አልነበረም። ምንም አልተሰማትም፣ ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ ድንዛዜው ከእግሯ ወደ ላይ የወጣ ይመስል በዓሉም ሐዘኑም ከአንገት በላይ ሆኖባታል። ለቅሶ ቤት ሄዳ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ታደርጋለች፤ ከነጠላው ሥር ዓይኗ ደረቅ ነው።

የስኳር ክትትል ክፍሏ ነርስ ሲስተር ፅዮን ነገሩን ሳትሸፋፍን ነግራታለች። ባዶ እግር መሄድ ቀረ፣ ቤት ውስጥም ቢሆን። ማታ ማታ የእግሯን መዳፍ በመስታወት ማየት አለባት። ሌላ ቁስል ወደ አጥንት ከገባ የሚቆረጠው ጣት ሳይሆን ከቁርጭምጭሚት በታች ያለው ሁሉ ነው። ወለተሩፋኤል «እሺ» ብላ ወጣች። በመስታወቱ አንድ ሳምንት ያህል አየች። የሚታያት እግር የሌላ ሰው እግር ስለመሰላት ተወችው።

ጫማውን ግን ታደርጋለች፤ ከአንድ ክፍል በቀር።

የኔታ ህሩይ ድጓ ሲያስተምሩ ኖረው፣ ጉሮሯቸው ሲደክም ወደ ልጅነት ሙያቸው ወደ ስፌት የተመለሱ ሰው ናቸው። ለከተማው ደብሮች፣ አንዳንዴም እስከ እንፍራንዝ ላሉት፣ ካባና ላንቃ የተባለውን የካህናት መደረቢያ ይሰፋሉ፤ ለታቦት ማጀቢያ ድባብ የተባለውን ጃንጥላ ይሠራሉ። ጨርቁ ሰፊ ስለሆነ የሚዘረጋው መሬት ላይ ነው፤ ወደ መቅደስ የሚገባ ጨርቅ በተዘረጋበት ደግሞ ጫማ አይገባም። ማንም ሰው፣ ደብር አስተዳዳሪም ቢሆን፣ ደፉ ላይ አውልቆ ነው የሚያልፈው። ወለተሩፋኤል ጡረታ ከወጣች ጀምሮ እዚያ ክፍል ውስጥ ዱካዋ ላይ ተቀምጣ ዘርፍ ትሰፋለች። የኔታ ዜማቸውን ዝቅ አድርገው ያንጎራጉራሉ፤ እሷ ክር ትስባለች። ብዙም አይነጋገሩም። ቢሆንም በቀን ውስጥ ገና በሕይወት እንዳለች የምታውቀው በእነዚያ ሰዓቶች ብቻ ነው።

የሲስተር ፅዮንን ትእዛዝ ለየኔታ አልነገረቻቸውም። ታውቃቸዋለች፤ ቢሰሙ ያኑ ዕለት «ከዚህ ክፍል እንዳትደርሽ» ይላሉ። ክፍሉ ግን የስፒልና የመርፌ አገር ነው። እናም ሮቦቱ ሲመጣ የናዝራዊት ጥያቄዎች ለእሷ ጥያቄ አልነበሩም። የእሷ ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህ ነገር ስፒል ይለቅማል ወይስ አይለቅምም? ከለቀመ በባዶ እግሯ እየገባች ትኖራለች።

መጀመሪያ ሳሎኑ ላይ ለቀቀችው። ሊሾው ላይ ሲሄድ ለአሮጌ አይታማም፤ ከአልጋ ሥር ገብቶ እሷ ጎንበስ ማለት ካቆመች ወዲህ የተከማቸውን አቧራ ሁሉ ይዞ ወጣ። ማዕዘን ላይ ግን ክብ ነገር ምን ያድርግ፣ ጥጉን እንዳለ ትቶት ያልፋል። ደፍ መውጣት ዳገት ነው። ሦስት ጊዜ ገፍቶ ሦስት ጊዜ ይመለሳል፤ ስለዚህ ከክፍል ወደ ክፍል ተሸክሞ የሚያሻግረው ሰው ይፈልጋል። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ መብራት ሲጠፋ ቻርጅ ማድረጊያው ጠፍቶበት ቁም ሳጥን ሥር ሞቶ ተገኘ። ድምፁን የኔታ አልወደዱትም፤ «ይሄ ኤሊ ዜማ አልተማረም» ብለው ስም አወጡለት። ኤሊው ጥቁር ነገር ደግሞ ይፈራል። የኔታ ሊጠግኑት ያስቀመጡት ጥቁር ካባ ጫፍ ላይ ሲደርስ፣ ገደል አፋፍ ላይ እንደደረሰ በቅሎ ቀጥ ብሎ ቆመና ወደ ኋላ ሄደ። ናዝራዊት በስልክ አስረዳቻት፦ ከሥሩ ያለው ዓይኑ ጥቁሩን ጉድጓድ ነው ብሎ ያስባል።

አንድ ነገሩ ግን በእውነት አስደነቃት። ውኃ በሳምንት አንዴ በሚመጣበት ሰፈር እሷ ሁለት ባልዲ የምትጨርስበትን ወለል ግማሽ ሊትር በማትሞላ ውኃ ወለወለው። «ይሄስ ሸጋ ነው» አለች፣ ለራሷ።

ዋናው ፈተና ሐሙስ ዕለት ሆነ። የኔታ ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል። ወለተሩፋኤል ስፌት ክፍሉን አስተካክላ፣ የተዘረጋውን አረንጓዴ ከፈይ ጠቅልላ አነሳችና፣ ደፉ ላይ ቆማ አሥር ስፒል ቆጥራ እንደ ዘር በተነች። ኤሊውን ለቀቀችው። ሃያ ደቂቃ ያህል እየተጋጨ፣ እየዞረ፣ ከዱካው እግር ጋር እየተጣላ ሠራ። ሲያበቃ አንስታ ሆዱን ጋዜጣ ላይ ገለበጠችው። ከአቧራው መሃል ስድስት ስፒል ወጣ። ሌላ አንድ ከወርቀ ዘቦ ክር ጋር ብሩሹ ላይ ተጠምጥሞ ተገኘ፤ ክሩን ለመፍታት ብቻ መቀስ ያዘችና ሩብ ሰዓት ፈጀች። ሰባት ሆነ።

የቀሩትን ሦስቱን ልትፈልግ ተነሳች። ደፉ ላይ ስትደርስም ጫማዋን አውልቃ ገባች። ስፒል የበተነችው እሷ ናት፤ ሦስቱ አለመገኘታቸውን የምታውቀውም እሷ ናት። እግሯ ግን ያን ደፍ በጫማ አልፎ አያውቅም፤ ልማድ ደግሞ አያስፈቅድም። ግማሽ ሰዓት ጎንበስ ቀና እያለች ፈለገች። ሁለቱን ከስፌት መኪናው ሥር አገኘቻቸው። አሥረኛው ጠፋ። ሆዱ ውስጥ አንድ ቦታ ውጦት ይሆናል ብላ ደመደመች። እሱን ጨምሮ ኤሊው ከአሥር ስምንት ለቀመ፤ መጥፎ አይደለም፤ ሦስት ጊዜ እያመላለሰች ብታስጠርገው ይበቃል። ጫማዋን አድርጋ ምሳ ልትሠራ ሄደች።

ቅዳሜ ውኃ መጣ። ወለተሩፋኤል የውኃ ቋቱን ሞልታ፣ ንጹሑን ነጭ ጨርቅ ከሥሩ አድርጋ፣ ኤሊውን ስፌት ክፍል ሰደደችው። የኔታ መስኮቱ አጠገብ ሆነው የድባብ ጠርዝ ይሰፋሉ። ሥራውን ሲጨርስ ጨርቁን ነቅላ ስታየው ቀላ ያለ ቡናማ እድፍ ጠጥቷል። ለናዝራዊት የምትነግረው ሌላ ነገር አገኘች።

«ከፈዩ ቀለም ይለቃል፤ ሻጩ አታሎዎታል» አለቻቸው።

የኔታ ጨርቁን ተቀብለው ወደ ብርሃን አስጠጉት። ከዚያ ክፍሉን ዙሪያውን አዩ። አረንጓዴ አለ፣ ነጭ አለ፣ ወርቃማ ክር አለ። ቀይ ጨርቅ ግን ከመስከረም ወዲህ እዚህ ቤት አልገባም። ዓይናቸው ወደ ወለሉ ወረደ። ኤሊው ካልደረሰበት ከጥጉ አንስቶ እስከ እሷ መቀመጫ ድረስ፣ የደበዘዘ የተረከዝ ምልክት ተራ በተራ ይታያል።

«ወለተ፣ ቁጭ በይ» አሏት።

ተቀመጠች። ተንበርክከው ቀኝ እግሯን አነሱና ጉልበታቸው ላይ አሳረፉት። መዳፏ መሃል አብጧል፤ ከእብጠቱ ውስጥ የስፒል አናት ብልጭ ይላል። ሁለት ቀን ሙሉ ቆማበታለች፤ ገበያ ሄዳበታለች።

«አያምሽም?»

«ምነው ባመመኝ» አለች ወለተሩፋኤል።

የዚያን ጊዜ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ነርሷ ያለቻትን፣ መስታወቱን፣ አሥሩን ስፒል። ድምፅዋ ከፍም ዝቅም አላለም፤ የጎረቤት ወሬ የምታወራ ነበር የምትመስለው። የኔታ እግሯን እንደያዙ ሰሟት።

«ምነው ሳትነግሪኝ?»

«አትግቢ ይሉኝ ነበራ። ከዚህ ከወጣሁ የት ልቀመጥ?»

የኔታ እግሯን በንጹሕ ሻሽ ጠቅልለው ወጡ። ከመንገዱ ባጃጅ ሲጠሩ ድምፃቸው ተሰማት። ሲመለሱ ሊያነሷት በቀጥታ ገቡ፤ ከነጫማቸው። የወንዝ ዳሩ ጭቃ ከጫማቸው ወለሉ ላይ ቀረ፤ አንድ እርምጃቸውም የአረንጓዴውን ከፈይ ጫፍ ረገጠ።

«የኔታ፣ ጫማዎ» አለች።

«አውቃለሁ» አሉ፤ በብብቷ ገብተውም አነሷት። «ከዛሬ ጀምሮ አንቺም ከነጫማሽ ትገቢያለሽ። ጨርቁን ጠረጴዛ ላይ እንሰፋዋለን። ጠረጴዛ አሠራለሁ።»

ሆስፒታል ናዝራዊት እየሮጠች ደረሰች። ወለተሩፋኤል ራጅ ተነስታ ውጤት ስትጠብቅ ልጅቷ እጇን ይዛ ታለቅሳለች፤ እናት ደግሞ የማሽኑን ነገር ታስረዳታለች። ሊሾ ላይ ጎበዝ ነው። ውኃ አያባክንም። ደፍ የሌለው ቤት ላለው፣ ክር ለማይበዛበት፣ ጎንበስ ማለት ላቃተው ሰው ይሆናል። ጥጉን ሰው ይጥረገው። አሮጌ ስለሆነ ባትሪው አንድ ሰዓት አይሞላም። ስፒል ግን አይታመንበትም፤ ለዚያ ባልደረባሽ ልጅ ካለው ይህን ሳትደብቂ ንገሪው። ናዝራዊት «እማዬ፣ ተይው አሁን» አለቻት። እናቷ «እሺ» አለች። ከእንግዲህ እግር ይኖራት እንደሆነ እንኳን አልጠየቀችም። መጠየቅ እንደነበረባት ታውቃለች፤ ውስጧ ብትፈልገው ጥያቄው የለም።

ሲስተር ፅዮን የራጁን ውጤት ይዛ መጣች። ተቆጥታለች፤ ቁጣዋን ግን ለሌላ ቀን አቆየችው። ስፒሉ አጥንት አልነካም፤ አንድ ሁለት ቀን ቢቆይ ኖሮ ሌላ ወሬ ይሆን ነበር። ቁስሉ በየቀኑ ይታጠባል፣ መድኃኒት ትወስዳለች፣ እግሯ ይተርፋል። ወለተሩፋኤል ራሷን ነቀነቀች። የኔታ አልጋው ራስጌ ቆመው አማተቡ።

ነርሷ ቦታውን አጸዳችና በመቆንጠጫ ያዘችው። ስፒሉ ጠልቆ፣ ሥጋ ይዞ ተጣብቋል፤ ቀስ አድርጋ እያወዛወዘች መሳብ ነበረባት። ወለተሩፋኤል እግሯን አየችው። የሌላ ሰው እግር ነው። መቆንጠጫው ሲጎትት፣ ደምና መግል ሲወጣ፣ ምንም የለም። ከዚያ ቀና ስትል የባሏን ፊት አየች።

የኔታ ህሩይ ጥርሳቸውን ነክሰዋል። ግንባራቸው በላብ ርሷል፤ ስፒሉ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ትከሻቸው ይሰበሰባል፣ ፊታቸው ይጨማደዳል። ሳህኑ ላይ ቃጭ ሲል ትንፋሻቸውን ለቀቁ፤ እንደ ልጅ ከንፈራቸው ይንቀጠቀጣል። አርባ ዓመት አብራቸው ስትኖር እንዲህ ሆነው አይታቸው አታውቅም።

«ምነው የኔታ፣ አመመዎት?»

«አዎ» አሉ። «በጣም ያማል።»

ወለተሩፋኤል ያን ጊዜ ማልቀስ ጀመረች።